ባለብዙ ጨዋታ ጠረጴዛ፦ ገጠማው፣ ማስተካከያውና የጨዋታዎቹ ሕግ

ባለብዙ ጨዋታ ጠረጴዛ ከሥሩ ሲታይ ጆተኒ ነው። ዘንጎች የሚያልፉበት አንድ ሣጥን አለ፤ ፑሉ፣ ፒንግ ፖንጉ፣ ሆኪው፣ ቼዙና ዳማው በዚያ ሣጥን ላይ እየተነሡ የሚጫኑ ገበታዎች ናቸው። ስለዚህ ሣጥኑ ከተዛነፈ ከላዩ የሚመጣው ጨዋታ ሁሉ ይዛነፋል፦ የፑሉ ኳስ ማንም ሳይነካው ወደ ጥግ ይሄዳል፣ የጆተኒው ዘንግ ይነክሳል፣ ገበታው በተነካ ቁጥር ይንገጫገጫል። ይህ ሲሆን ዕቃው ርካሽ ነው ተብሎ ይታለፋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የገጣሚው ነው፤ አንዱ ብሎን ሌላው ሳይገባ ጠብቋል። ከታች ደጋግመን የምንመለስበት ነገር ይኸው ነው፦ የአንድ ክፍል ብሎኖች ሁሉ ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ የትኛውም አይጠብቅም።

ቦታ፣ መሣሪያ፣ ቆጠራ

ለቤት የሚሠሩት ብዙዎቹ ርዝመታቸው 120፣ ወርዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ክፍሉ ይበቃል ወይ ተብሎ ሲለካ የሚረሳው የፑሉ ዱላ፣ ስቴካው፣ ነው። ከዚህ መጠን ጠረጴዛ ጋር የሚመጣ ስቴካ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለመምታት ወደ ኋላ የሚሳብበት 15 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር በአራቱም ጎን 106 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይፈለጋል፤ ክፍሉ በግምት 3.3 ሜትር በ2.7 ሜትር ይሁን ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ አጠር ያለ ስቴካ መፈለግ ነው እንጂ ግድግዳ አይገፋም። ለጆተኒ ዘንጎቹ በሚወጡባቸው በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች አንድ አንድ ሜትር ይበቃል። ፒንግ ፖንግ ደግሞ ቦታ የሚጠይቀው በአጫጭሮቹ ጎኖች በኩል ነው።

መስቀል ራስ ካቻቢቴ፣ ለዳዶው ልክ የሆነ ቁልፍ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ እና የጎማ መዶሻ አዘጋጁ። የጎማ መዶሻ ከሌለ ተራው መዶሻ ላይ ወፍራም ጨርቅ ይጠቅለልበት። የኤል ቅርጽ ያላት ባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ጋር ትመጣለች። የኤሌክትሪክ ካቻቢቴ ፈተና ነው፤ ሥራውን ያፋጥናል፣ ግን ሣጥኑ የተሠራው ከኤምዲኤፍ ወይም ከቺፑድ ነው። እነዚህ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝና ስንጥር በመሆናቸው ብሎን አንዴ ከመጠን በላይ ከዞረባቸው ቀዳዳው ውስጥ ያለው ጥርስ ይፈርሳል፣ ብሎኑም ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። መጠቀም ግድ ከሆነ በዝቅተኛው ጉልበት አስገቡና የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙሮች በእጅ ጨርሱ።

ካርቶኑን መሬት ላይ ዘርጉትና ሁሉንም ክፍል በላዩ ደርድሩ። የሣጥኑ ግድግዳዎች በአንድ በኩል ብቻ የተለበጡ ስለሆኑ ባዶ ወለል ላይ መጎተት ጭረት ያተርፋል። ብሎኖቹን በርዝመት ለዩ፤ የ35 እና የ40 ሚሊ ሜትር ብሎን በዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ረጅሙ ግን አጭሩ በሚገባበት ከገባ በግድግዳው ሌላ ፊት ይወጣል። ስምንት ዘንግ ላለው ጆተኒ የሚቆጠረው ይህ ነው፦ 8 ዘንግ፣ 8 እጀታ፣ 8 የዘንግ ጫፍ መሸፈኛ፣ ዘንጎቹ በግድግዳው የሚያልፉባቸው 16 የፕላስቲክ ቀለበቶች፣ 16 የጎማ መከላከያ፣ 2 የጎል ሣጥን፣ 2 የውጤት መቁጠሪያ፣ 4 እግር፣ ከእግሩ ሥር የሚገቡ 4 ማስተካከያዎች። አሻንጉሊት ተጫዋቾቹ 22 ናቸው፤ በረኛው ብቻውን ሳይሆን ሦስት ሆኖ በሚሠራባቸው ጠረጴዛዎች ግን 26። አንድ ነገር ከጎደለ ገጠማው ሳይጀመር የክፍሉን ፊደል ወይም ቁጥር ከመመሪያው ላይ አይታችሁ ሻጩን ጠይቁ። ግማሹ ተገጥሞ የቆመ ጠረጴዛ መልሶ ካርቶን ውስጥ አይገባም።

ሌላው ከመጀመሪያው የሚፈተሸው የመጫወቻ ሰሌዳው ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ወይም የውሃ ልኩን ጠርዝ አጋድሙበት። መሐል ላይ ከሥሩ ብርሃን ከታየ ሰሌዳው ጎብጧል። ቀጭን ሰሌዳ ትንሽ ቢጎብጥ ከሥሩ የሚገባው ደጋፊ ያቀናዋል፤ የፑሉ ገበታ ከጎበጠ ግን የሚያቀናው ነገር ስለሌለ ያኔውኑ ማስለወጥ ነው።

ሣጥኑ ተገልብጦ ነው የሚሠራው

እግሮቹ ወደ ላይ፣ የሚጫወቱበት ፊት ወደ መሬት። ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች የዘንግ ቀዳዳ ያላቸው ሲሆኑ ሁለቱ አጫጭሮች ጎል የተቆረጠባቸው ናቸው። በአራቱም ውስጠኛ ፊት ላይ ለሰሌዳው የተቦረቦረ ጠባብ መስመር አለ። ይህ መስመር ከግድግዳው መሐል ላይ ስለማይሆን የትኛው ጠርዝ ወደ መሬት እንደሚዞር መጀመሪያ ይታወቅ። ተገልብጦ ሲሠራ የዘንጎቹ ቀዳዳዎች ከመስመሩ በታች፣ ወደ መሬት ጠጋ ብለው መታየት አለባቸው፤ ዘንጎቹ ጠረጴዛው ሲቆም ከሰሌዳው በላይ ናቸውና።

አንዱን አጭርና ሁለቱን ረጃጅም ግድግዳዎች አገናኙና እንደ ሳንዱቅ ሦስት ጎን ስጧቸው። ብሎኖቹን በጣት እስኪይዙ ብቻ አዙሩ። ከዚያ ሰሌዳውን ሥዕል ያለው ፊቱ ወደ መሬት ሆኖ በመስመሩ ውስጥ አንሸራትታችሁ አስገቡና በአራተኛው ግድግዳ ዝጉ። ሰሌዳው መሐል መንገድ ላይ ከተያዘ መግፋቱን ተዉት፤ አንዱ ጥግ ጠብቋል ማለት ነው፣ እሱን አላሉት። ሰሌዳው በግድ ከተገፋ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀው ጠርዝ ደግሞ ኳሱ በሚመላለስበት ጥግ ላይ ነው የሚውለው።

ጥጎቹ በብሎን ሳይሆን ክብ በሆነ የሚዞር መቆለፊያ የሚያያዙ ከሆነ፣ በመቆለፊያው ላይ ያለችው ቀስት መጀመሪያ ወደሚመጣው ፒን ትዙር። ፒኑ ከገባ በኋላ ግማሽ ዙር ብቻ በቂ ነው። አልዞር ካለ ፒኑ ሙሉ በሙሉ አልገባም።

አራቱም ጎን ሲገጠም በሁለቱ ሰያፎች ለኩ፦ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ፣ ከዚያም ሌላኛውን። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ሣጥኑ ትክክለኛ አራት ማዕዘን ነው። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ችግር የለውም። ከዚያ ከበለጠ ረጅሙን ሰያፍ ከሁለቱም ጫፎች ወደ መሐል ገፋ አድርጉና ደግማችሁ ለኩ። ብሎኖቹ የሚጠብቁት ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱም በሰያፍ ቅደም ተከተል፤ የመኪና ጎማ እንደሚታሰረው አንዱን ጥግ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱን። በመጨረሻ ከሰሌዳው ጀርባ የሚያልፉትን ደጋፊ እንጨቶች ግጠሙ። ደጋፊዎቹ ትርፍ ቢመስሉም ሰሌዳው መሐሉ ላይ እንዳይረግብ የሚይዙት እነሱ ናቸው። የጎል ሣጥኖቹም አሁን ይገባሉ።

እግሮቹ በየጥጉ ይገባሉ፤ ብሎኖቻቸውን ከነሮንዴላቸው በጣት አስይዙ፣ እግሮቹን የሚያገናኙትን ሰሌዳዎች ግጠሙ፣ ከዚያ ሁሉንም ባንድነት አጥብቁ። ሮንዴላው ከተዘለለ የብሎኑ ራስ በጊዜ ብዛት እንጨቱ ውስጥ ይሰጥማል፣ እግሩም ይላላል። ማስተካከያዎቹን እስከ መጨረሻው አስገቧቸው፤ የሚወጡት በኋላ ነው።

ማቅናቱ ላይ ሰው አታሳንሱ። ሁለት ሰው ይችለዋል፣ አራት ሰው ግን ትክክለኛው ቁጥር ነው። ሣጥኑ ከመሬት ሙሉ በሙሉ ይነሣ፣ በአየር ላይ ይዙር፣ በአራቱም እግር ባንድ ጊዜ ይረፍ። በሁለት እግሩ አስደግፎ ማዞር ቀላል ይመስላል፤ የክብደቱ ሁሉ ጫና ግን የሁለት እግር ብሎኖች ላይ ያርፍና ቀዳዳቸውን ያሰፋል። ገና ከጅምሩ የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ የተበላሸው በዚህች ደቂቃ ነው።

ዘንጎቹ

አሁን ዋናው ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ደረሰ። ከአንዱ ጎል ጀምሮ እስከ ሌላው ያለው አሰላለፍ አንድ ነው፦ የመጀመሪያው ቡድን በረኛ፣ የዚያው ቡድን ሁለት ተከላካዮች፣ የተጋጣሚው ሦስት አጥቂዎች፣ የመጀመሪያው ቡድን አምስት አማካዮች፣ የተጋጣሚው አምስት አማካዮች፣ የመጀመሪያው ቡድን ሦስት አጥቂዎች፣ የተጋጣሚው ሁለት ተከላካዮች፣ የተጋጣሚው በረኛ። እጀታ ያለበት ጫፍ ሁልጊዜ በባለቤቱ ቡድን በኩል ይወጣል። በቦታችሁ ቆማችሁ ስታዩት የራሳችሁ ጎል በግራ እጃችሁ በኩል መሆን አለበት፤ ፊት ለፊት ያለውም ሰው እንዲሁ። በቀኝ ከሆነ ዘንጎቹ ተገላብጠዋል።

የእያንዳንዱ ዘንግ ሥራ እንዲህ ነው። በሁለቱም ግድግዳ የፕላስቲክ ቀለበቶቹን አስገቡ። ዘንጉን በአንደኛው ቀለበት አሳልፉና ጫፉ ወደ ሣጥኑ ውስጥ እንደገባ የጎማ መከላከያ አጥልቁበት፤ ከዚያ አሻንጉሊቶቹን፣ ከዚያ ሁለተኛውን መከላከያ፣ ከዚያም በተቃራኒው ግድግዳ አውጡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛው መከላከያ ላይ ነው። ከተረሳ አሻንጉሊቶቹ ተፈትተው ዘንጉ እንደገና ይወጣል። ሳይመለስ ቢቀር ደግሞ አሻንጉሊቱ ግድግዳውን በቀጥታ እየመታ ጠርዙን ይበላዋል።

የአሻንጉሊቶቹ ፊት ወደ ተጋጣሚው ጎል ይዞራል፣ እግራቸው ሁሉ በአንድ መስመር ይሆናል። ብሎኑ ከአንድ በኩል፣ ዳዶው ከሌላ በኩል ይገባል፤ አሻንጉሊቱ በእጅ ሲጠመዘዝ ካልዞረ ጠብቋል፣ ይብቃው። ከዚያ በላይ የጠበቀ ፕላስቲክ ወዲያው ባይሰነጠቅ ጠንከር ባለ ምት ይሰነጠቃል። እጀታዎቹ አልገባ ሲሉ ለጥቂት ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክረው ለስለስ ሲሉ ይገፋሉ። ዘይት ወይም ቅባት አይቀባ፤ መግባቱን ይገባል፣ ግን ጨዋታው መሐል ላይ ከእጅ ጋር ይወጣል።

ዘንጉ በሁለቱም በኩል ወጥቶ የሚመላለስ ከሆነ አንዱ ሲገፋ ጫፉ ፊት ለፊት የቆመውን ሰው ጎን ይመታል። ልጆች በሚጫወቱበት ቤት ቁመታቸው ከዘንጉ ጋር እኩል ነው፣ ፊታቸው ማለት ነው። የጫፍ መሸፈኛዎቹ ሳይገቡ ጨዋታ አይጀመር።

ሚዛን

ጠረጴዛውን ለዘለቄታው የሚቆምበት ቦታ አኑሩት። ውሃ ልኩን በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ሰያፎች አኑሩና ዝቅ ያለውን እግር ማስተካከያ አውጡ። መጀመሪያ ርዝመቱ፣ ከዚያ ወርዱ። ከዚያ የፑሉን ገበታ ጫኑና ልኩን ደግሙት፤ ሣጥኑ ልክ ሆኖ ገበታው ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል፣ ኳሱ የሚሄደው ደግሞ በገበታው ላይ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሚዛን ራሱ ኳሱ ነው፦ ከመሐል ወደ አራቱም አቅጣጫ በዝግታ አንከባልሉት። ሊቆም ሲል ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ያ ጎን ዝቅ ብሏል። ገበታው አንድ ጥጉ ላይ ብቻ የሚንሳፈፍ ከሆነ እግሩን ሳትነኩ ከሥሩ ስስ ጨርቅ ለጥፉበት።

ገበታ ከመጫኑ በፊት አሻንጉሊቶቹን ሁሉ በአግድም አጋድሟቸው። ቆመው ከቀሩ ጭንቅላታቸው ገበታውን ከሥር ይገፋዋል። ይህን ሳያውቁ ገበታው ጎበጠ ብለው የሚያማርሩ ብዙ ናቸው። ገበታዎቹ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ፊት ጨዋታ አላቸው፣ ለምሳሌ በአንዱ ፑል፣ በሌላው ፒንግ ፖንግ። ሲገለበጡ ጨርቁ ያለበት ፊት በምንም ሹል ነገር ላይ አይረፍ።

የጆተኒ ሕግ

ቤት ውስጥ ጠብ የሚነሣው በሁለት ነገር ነው፦ ዘንግ ማሽከርከርና ኳስ ይዞ መቆየት። በዓለም አቀፉ የጠረጴዛ እግር ኳስ ሕግ ኳሱን ከመምታት በፊትም ሆነ በኋላ ዘንግን ከ360 ዲግሪ በላይ ማዞር የተከለከለ ነው፤ እንደዚያ ተሽከርክሮ የገባ ጎል አይቆጠርም። አምስቱ አማካዮች ኳሱን ከ10 ሰከንድ በላይ፣ ሌሎቹ ዘንጎች ከ15 ሰከንድ በላይ ሊይዙት አይችሉም። ጀማሪ ቡድን በሳንቲም ይለያል፣ ጎል የገባበት ቡድን ቀጣዩን ይጀምራል። አጀማመሩ ኳሱን በአምስቱ አማካዮች እግር ሥር አኑሮ ተጋጣሚውን ዝግጁ ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፤ ከዚያም ኳሱ ቢያንስ ሁለት አሻንጉሊቶችን ሳይነካ ከዘንጉ አይወጣም። በግድግዳው ቀዳዳ በኩል ኳስ መወርወር ከዕድል ጋር መጫወት ስለሆነ፣ ቀዳዳው ቢኖርም ባትጠቀሙበት ይሻላል።

ኳሱ ማንም በማይደርስበት ቦታ ሙሉ በሙሉ ከቆመ፣ በሁለቱ ቡድኖች የአማካይ ዘንጎች መሐል ከሆነ መጨረሻ የጀመረው ቡድን እንደገና ይጀምራል፤ በጎልና በተከላካዮች በኩል ከሆነ በአቅራቢያው ወዳለው ጥግ ተጠግቶ ይለቀቃል። ጠረጴዛ ማንቀጥቀጥ ጥፋት ነው። ጎል ውስጥ ገብቶ ተመልሶ የወጣ ኳስ ጎል ነው፤ ይህንንም ከመጀመራችሁ በፊት ተነጋገሩበት፣ የክርክር ምንጭ ነውና። ጨዋታው እስከ 5 ጎል ነው፣ ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን ያሸነፈ ያሸንፋል።

የፑል ሕግ

ቤት ውስጥ የሚጫወቱት አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ቁጥር ኳስን ነው። ነጩን ሳይጨምር 15 ኳሶች አሉ፦ ከ1 እስከ 7 ሙሉ ቀለም፣ ከ9 እስከ 15 ባለ መስመር፣ 8 ጥቁር። በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ሲደረደሩ 8 ቁጥር በሦስተኛው ረድፍ መሐል ይቀመጣል፣ በኋለኞቹ ሁለት ጥጎች አንድ ሙሉ ቀለምና አንድ ባለ መስመር ይሆናል፣ የቀረው እንደመጣ ነው። ኳሶቹ እርስ በርስ ካልተጣበቁ መክፈቻው ምት ይደክማል፤ ከኋላ በጣት ገፋ አድርጉና ሦስት ማዕዘኑን በጥንቃቄ አንሡ።

መክፈቻው ትክክል የሚሆነው ኳስ ከገባ ወይም ቢያንስ አራት ኳሶች ጠርዝ ከነኩ ነው። በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ይህ ቀላል ነው። በመክፈቻው ኳስ ቢገባም ወገን፣ ማለትም ማን ሙሉ ቀለሙን ማን ባለ መስመሩን እንደሚይዝ፣ አልተለየም። ወገን የሚለየው ከዚያ በኋላ በትክክል በገባው የመጀመሪያ ኳስ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወገን ከተለየ በኋላ ነጩ መጀመሪያ የራስን ኳስ መምታት አለበት፣ ከዚያም ወይ ኳስ ይገባል ወይ አንዱ ኳስ ጠርዝ ይነካል። ሁለቱም ካልሆነ ጥፋት ነው። ነጩ ከገባም ጥፋት ነው። ቅጣቱ ተጋጣሚው ነጩን አንሥቶ ባሻው ቦታ ማስቀመጡ ነው።

8 ቁጥር የሚመታው የራስ ሰባት ኳሶች ካለቁ በኋላ፣ የሚገባበትም ቀዳዳ አስቀድሞ ተነግሮ ነው። ቀድሞ ካስገባችሁት፣ ካልጠራችሁት ቀዳዳ ከገባ፣ ከመጨረሻ ኳሳችሁ ጋር በአንድ ምት ከገባ፣ ነጩ አብሮት ከገባ ወይም ከጠረጴዛው ከወጣ ተሸንፋችኋል። በመክፈቻው ከገባ ግን ሽንፈትም ድልም አይደለም፤ ወይ ይመለሳል ወይ ኳሶቹ እንደገና ይደረደራሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የውድድር ኳስ ዲያሜትሩ 57 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ከትንሽ ጠረጴዛ ጋር የሚመጣው ግን ያንሳል። ኳስ ሲጠፋ ከፑል ቤት የተገኘ ኳስ መተኪያ አይሆንም፤ ክብደቱና መጠኑ ስለሚለያይ አቅጣጫው ሁሉ ይዛባል፣ ከቀዳዳውም ላያልፍ ይችላል። የስቴካውን ጫፍ ጠመኔ ቀቡት፤ ያልተቀባ ጫፍ ከኳሱ ላይ ይንሸራተታል፣ ተንሸራቶም ጨርቁን ይቀደዋል።

ፒንግ ፖንግና ሆኪ

የውድድር ፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ 2.74 ሜትር በ1.525 ሜትር ነው፣ መረቡም 15.25 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። የናንተ ገበታ ግማሹንም አይደርስም፤ አብሮት በመጣው መረብ ተጫወቱ፣ በኃይል መምታትን እርሱት። ሕጉ ያው ነው። ጨዋታው እስከ 11 ነጥብ፣ በሁለት ነጥብ ልዩነት። ሰርቭ በየሁለት ነጥቡ ይቀያየራል፣ 10 ለ10 ሲሆን በየአንዱ። ኳሱ ከተዘረጋ መዳፍ ላይ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይወረወራል፣ መጀመሪያ በራስ በኩል ቀጥሎ በተቃራኒው በኩል ይነጥራል። ሰርቭ መረብ ነክቶ በትክክል ካለፈ ይደገማል። እስከ 21 የሚቆጥሩ ሰዎች የሚያስታውሱት ከ2001 በፊት የነበረውን ሕግ ነው። በዚህ ስፋት ላይ ሁለት ለሁለት መጫወት ራኬት ለራኬት መጋጨት ነው፣ አንመክርም።

ሆኪው ሁለት ዓይነት አለ። አየር የሚነፋ ማራገቢያ ያለውና የሌለው። ማራገቢያ ካለው የኤሌክትሪክ መለወጫው በሣጥኑ ላይ ከተጻፈው ቮልት ጋር አንድ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩት። ዲስኩ በእናንተ በኩል ከገባ በ7 ሰከንድ ውስጥ መልሱት። በመምቻው ከላይ ሸፍኖ መያዝ አይፈቀድም። ከጠረጴዛው ያስወጣው ሰው ዲስኩን ለተጋጣሚው ይሰጣል፣ ጎል የገባበትም ቀጣዩን ይጀምራል። መጀመሪያ 7 የደረሰ አሸነፈ።

የገበታ ጨዋታዎቹ

ቼዝን ለማያውቅ በአንድ አንቀጽ ማስተማር አይቻልም፤ የሚያውቁት የሚከራከሩበትን ብቻ እንንካ። በቀኝ እጅ በኩል ያለው የቅርቡ ጥግ ነጭ ይሆናል። ንግሥቲቱ በራሷ ቀለም ካሬ ላይ ትቆማለች። ንጉሡና ግንቡ ቦታ የሚለዋወጡት ሁለቱም ከዚያ በፊት ካልተንቀሳቀሱ፣ በመሐላቸው ምንም ካልቆመ፣ ንጉሡም በዚያ ሰዓት ኪሽ ውስጥ ካልሆነና የሚያልፍበትም ሆነ የሚያርፍበት ካሬ በጠላት ካልተጠቃ ብቻ ነው። ግንቡ ቢጠቃ ግን አይከለክልም። ንጉሡ ኪሽ ሳይባል በየትኛውም ጠጠሩ መንቀሳቀሻ ያጣ ተጫዋች አልተሸነፈም፣ ጨዋታው እኩል ነው።

ዳማ ላይ ከመጀመራችሁ በፊት ሦስት ነገር ተስማሙ፤ ሕጉ እንደየቦታው ይለያያልና። መብላት ግዴታ ነው? ተራ ጠጠር ወደ ኋላ ይበላል? የነገሠው ጠጠር አንድ እርምጃ ብቻ ነው ወይስ ሰያፉን ሙሉ ይሄዳል? በእንግሊዞቹ ዓይነት በ64 ካሬ ላይ 12 ጠጠር ለእያንዳንዱ፣ መብላት ግዴታ፣ ወደ ኋላ መብላት ለነገሠው ብቻ፣ እሱም አንድ እርምጃ። በ100 ካሬ ላይ በ20 ጠጠር በሚካሄደው ዓለም አቀፍ ዓይነት ተራውም ወደ ኋላ ይበላል፣ የነገሠው ሰያፉን ሁሉ ይሄዳል፣ ብዙ የሚበላበት መንገድ ካለም እሱን መምረጥ ግድ ነው።

ባክጋሞን ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቀር ገበታ ነው፣ ያሳዝናል፤ ከሁሉም በላይ የሚደጋገም ጨዋታ እሱ ነበር። 24 ሹል ቤቶች አሉ፣ ለእያንዳንዱ 15 ጠጠር። ቤቶቹን ከራሳችሁ በኩል ከ1 እስከ 24 ቁጠሩ፦ በ24ኛው 2፣ በ13ኛው 5፣ በ8ኛው 3፣ በ6ኛው 5። ተጋጣሚው ከራሱ በኩል እንዲሁ ይደረድራል። እያንዳንዱ አንድ ዳይስ ይጥላል፣ ትልቅ ያመጣው በሁለቱ ቁጥሮች ይጀምራል። ሁለቱ ዳይሶች አንድ ዓይነት ቁጥር ካመጡ አራት ጊዜ ይሄዳሉ። ሁለትና ከዚያ በላይ የተጋጣሚ ጠጠር ያለበት ቤት ዝግ ነው፤ ብቻውን የቆመ ጠጠር ግን ይመታና መሐል ላይ ባለው ድንበር ይቀመጣል፣ እሱ ተመልሶ ሳይገባ ባለቤቱ ሌላ አያንቀሳቅስም። 15ቱም ከ1 እስከ 6 ባሉት ቤቶች ሲሰበሰቡ ማውጣት ይጀመራል፣ ቀድሞ ያወጣ አሸናፊ ነው። ተጋጣሚው አንድም ሳያወጣ ከተሸነፈ ድሉ እጥፍ ይቆጠራል።

ከተጫወቱ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

ዘንጉ ሲነክስ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዘይት ነው። የምግብ ዘይት አቧራ ሰብስቦ ሙጫ ይሆናል፤ የሲሊኮን ስፕሬይ በጨርቅ ላይ ነፍታችሁ ዘንጉን ጥረጉት፣ ወደ ሰሌዳው አትንፉ። ከዚያም ካልተለቀቀ ግድግዳው ጎብጦ ሁለቱ ቀለበቶች ፊት ለፊት አይተያዩም ማለት ነው፤ የዚያን ጎን ብሎኖች አላልታችሁ ሰያፉን እንደገና ለኩ።

ኳሱ መሐል ላይ እየቆመ ካስቸገረ ሰሌዳው ረግቧል። ከሥር ያለው ደጋፊ ብሎን ላልቶ ይሆናል፣ ካልሆነም በደጋፊውና በሰሌዳው መሐል ስስ ካርቶን አስገቡ። ቀዳዳው የፈረሰበት ብሎን ካለ ብሎኑን አውጡ፣ ኮላ የተቀባ የጥርስ መፋቂያ እንጨት ሁለት ሦስት ገፍታችሁ አስገቡ፣ ሲደርቅ ትርፉን ቁረጡና ብሎኑን በእጅ መልሱ። በሆኪው ገበታ ዲስኩ አንድ ቦታ ላይ እየተያዘ ከሆነ የአየር ቀዳዳዎቹ በአቧራ ተደፍነዋል፤ በስስ መርፌ ክፈቷቸው፣ ቀዳዳውን ግን አታስፉት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከተጫወታችሁ ከአንድ ሳምንት በኋላ የእግሮቹን ብሎኖች ዞራችሁ ፈትሹ። እንጨቱ ተጨምቆ ቦታውን ሲይዝ ብሎኑ መላላቱ የተለመደ ነው። የፑሉን ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቡረሹት፣ በውሃ አትንኩት፤ ውሃ ከሥሩ ያለውን ኤምዲኤፍ ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ኤምዲኤፍ ደግሞ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። የማትጠቀሙባቸውን ገበታዎች ግድግዳ ላይ አታስደግፉ፣ በራሳቸው ክብደት ይጎብጣሉ፤ አልጋ ሥር ወይም ከጠረጴዛው ሥር አጋድማችሁ አኑሯቸው።